ዳኛው ያየውና ዳኛው ያዘዘው

ለውድድር የተላከ ፎቶ ላይ ዳኛ የሚሰጠው አስተያየት ሁለት ነገር አንድ ላይ ተቋጥሮበት ይመጣል። አንዱ ዳኛው ፎቶውን ሲያይ የሆነበት ነገር ነው፦ ዓይኑ መጀመሪያ የት እንዳረፈ፣ ምን ፈልጎ እንዳጣ፣ የቱ ጋ እንደተጠራጠረ። ሌላው የሚያዝዘው መድኃኒት ነው፦ ኮንትራስቱን ጨምር፣ ከግራ በኩል ቁረጠው፣ ቀለሙን አብርደው። ከውድድር የሚማረው እነዚህን ሁለቱን መለየት የቻለ ፎቶ አንሺ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያልቻለው ወይ ያኮርፋል፣ ወይ በየዓመቱ የታዘዘለትን እየፈጸመ የራሱን ዓይን ያጣል። የመጀመሪያው ክፍል ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እውነት ነው፤ ሰው ለገዛ ዓይኑ ምስክር ነውና። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ዳኛው ተራራው ላይ አልነበረም።

ይህን ልዩነት ለማየት ከመንዝ ደጋ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ተነሥቶ ወደ 3,700 ሜትር ይደርሳል። ጠዋት ከገደሉ ሥር ጉም ይወጣና ጓሳ ሣሩንም፣ ጅብራውንም፣ ማዶውን ሸንተረርም አንድ ዓይነት ግራጫ ያለብሰዋል። ፎቶ አንሺው ይህን ሲያነሣ ብርዱና ዝምታው አብረውት ስላሉ ፎቶው የሞላ ይመስለዋል። ዳኛው ግን ብርዱ አይሰማውም። «ጠፍጣፋ ነው፤ ኮንትራስት ይጎድለዋል» ብሎ ይጽፋል። እንደታዘዘው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ጉሙን በኤዲቲንግ መግፈፍ ቀላል ነው፤ ውጤቱ ግን የጅብራው ጠርዝ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል፣ ሰማዩ ይቆሽሻል፣ የፎቶው ዋና ጉዳይ የነበረው ጉም ራሱ ይሞታል። መድኃኒቱ በሽተኛውን ገደለው ማለት ነው። ሕመሙ ግን እውነት ነበር፤ የዳኛው ዓይን የሚያርፍበት አጥቷል። ይህ የሚፈታው ሜዳው ላይ ነው። ካሜራ የተለካለትን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ የመጎተት ጠባይ ስላለው፣ ነጣ ያለ ጉም በራሱ ልኬት ሲነሣ አመድ ይመስላል፤ አንድ ስቶፕ ያህል ብርሃን ጨምሮ ማንሣት የጉሙን ንጣት ይመልሰዋል። ከዚያ ወረድ ብሎ፣ ከሌንሱ አንድ ሜትር ላይ ያለ፣ ጤዛ ያዘለ አንድ የጓሳ ሣር ዘለላ በፎከስ ውስጥ ማስገባት ነው። ቅጠሉ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ጫፉ በጠብታው ክብደት ጎብጦ ጥርት ብሎ ሲታይ፣ ከኋላው ያለው ጉም ርቀትና ልክ ያገኛል። ዳኛው «ኮንትራስት» ያለው ይህንን ሊሆን ይችላል፤ ስሙን ግን ሌላ አለው።

የሰው ፎቶም ላይ እንዲሁ ነው። በጊሼ ወይም በመርሐቤቴ ገበያ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ሲነሣ ጋቢው ነድዶ ሽመናው ይጠፋል፣ ወይም ፊቱ ይጨልማል። ዳኛው «ነጩ ተቃጥሏል» ካለ ተቃጥሏል። ፍላሽ ጨምር ካለ ግን ያው ሰው ሁለት እርምጃ ወደ ደጃፍ ጥላ ቢጠጋ ይበቃ እንደነበር አላሰበም። ባና በተባለው የበግ ጠጉር ልብስ ላይ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። ቀለም ያልነካው ጥቁር የመንዝ በግ ጠጉር ብርሃን ይውጣል፤ ከፊት ለፊት በመጣ ብርሃን ከተነሣ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ባናን ባና የሚያሰኘው ወፍራሙ ፈትል፣ ከጠርዙ ላይ ፈንጠር ፈንጠር ያለው ጠጉር፣ ወደ ቡና የሚያደላው መስመሩ ነው፤ እነዚህ የሚታዩት ከጎን በሚገባ ብርሃን ብቻ ነው። ባና በእጁ ነክቶ የማያውቅ ዳኛ «ጥቁሩ ዝርዝር የለውም» ቢል አላዋቂ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። የእሱ አለማወቅ እዚህ ላይ ጠቃሚ ነው፤ እኛ ልብሱን ስለምናውቀው ያልታየውን እንሞላለን፣ እሱ የሚሞላበት የለውም።

የጓሳ ቀይ ቀበሮ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። ቀበሮው ሣር በሚግጡ የጭላዳ ዝንጀሮዎች መካከል እየተንቀሳቀሰ አይጥ ያድናል፤ ዝንጀሮዎቹም ብዙ አይሸሹትም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና እዚያው ጓሳ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው ከዝንጀሮዎች ጋር ሆኖ ከሞከረው አደን 67 በመቶ ሲሳካለት፣ ለብቻው ሲሆን የሚሳካለት 25 በመቶ ብቻ ነው። ይህን የሚያውቅ ፎቶ አንሺ ቀበሮና ዝንጀሮ አንድ ላይ የያዘ ፎቶ ሲልክ ድንቅ ነገር የላከ ይመስለዋል። ዳኛው «ታሪኩ አልገባኝም» ይላል። ልክ ነው። ሁለት እንስሳ ጎን ለጎን መቆማቸው ስለ አደኑ ምንም አይናገርም። የሚናገረው የቀበሮው ጆሮ ወደፊት ቀጥ ብሎ አፍንጫው ወደ ሣሩ ሲያዘነብል፣ በዚያው ቅጽበት ከጎኑ ያለችው እናት ዝንጀሮ ቀና ሳትል መንቀሏን ስትቀጥል ነው። አንዱ እያደነ ሌላዋ አለመደንገጧ አንድ ክፈፍ ውስጥ ካልገባ፣ ዕውቀቱ ፎቶ አንሺው ጭንቅላት ውስጥ ቀርቷል። ዳኛው «ቀረብ ብለህ አንሣ» ቢል ግን አልስማማም። በዓለም ላይ ከጥቂት መቶ የማይበልጥ ቁጥር የቀረው እንስሳ ለፎቶ ሲባል ሊባረር አይገባም፤ ደግሞም ቀረብ ሲባል ከክፈፉ የምትወጣው ያቺው ዝንጀሮ ናት።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። የውጭ አገር ዳኛ ባህላችንን አያውቅም፤ ታዲያ የእሱ ዓይን ለእኛ ምን ይፈይዳል? ተቃውሞው መሠረት አለው፤ ትርጉም ላይ ዳኛ ይሳሳታል። ነገር ግን አለማወቅ ጥሩ ፎቶን እንደማያግደው ፎቶ አንሺው ሙሉጌታ አየነ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አካባቢ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ ሙሉጌታ ያነሣቸው ፎቶዎች በ2020 የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር በአስቸኳይ ዜና ተከታታይ ፎቶ ዘርፍ አንደኛ ወጡ፤ ከመካከላቸውም ሐዘንተኛዋ ሴት አፈር በፊቷ ላይ የምትበትንበት ለዓመቱ ምርጥ ፎቶ ታጨ። አፈር መበተን በእኛ ዘንድ የሐዘን ወግ ነው። ዳኞቹ ግን ወጉን ቀድመው ማወቅ አላስፈለጋቸውም፤ የእጇ እንቅስቃሴ፣ በአየር ላይ ያለው አፈርና ፊቷ ነገሩን ጨርሰውታል። ስለዚህ «አያውቁንም» የሚለው ምክንያት ከመቅረቡ በፊት ፎቶው የሚችለውን ሁሉ ተናግሮ እንደሆነ መመርመር ይቀድማል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፦ ዳኛን የሚሰማ ሁሉ አንድ ዓይነት ፎቶ ማንሣት ይጀምራል ይባላል። አደጋው አለ። ግን የሚያመሳስለን የአሸናፊዎችን ፎቶ መኮረጅ እንጂ አስተያየት ማንበብ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሪካርዶ ማርከጃኒ የተባለ ጣሊያናዊ ወጣት ሰሜን ተራሮች ላይ ልጇን ከሆዷ ሥር ያንጠለጠለች ጭላዳ አንሥቶ «የዓመቱ የዱር እንስሳት ፎቶ አንሺ» በተባለው ውድድር ከ15 እስከ 17 ዓመት ባሉት ዘርፍ አሸነፈ። ከዚህ ሥራ የገደሉን ጫፍና እናቲቱን ወስዶ ጓሳ ላይ መድገም ኩረጃ ነው። የሚወሰደው ችግሩን የፈታበት መንገድ ነው፦ ከንጋት በፊት ቦታው ላይ መገኘቱ፣ ብርሃኑ ገና ደካማ፣ ጠጉሯም ጥቁር በመሆኑ ለስለስ ያለ ፍላሽ መጠቀሙ። የአሜሪካ ባለሙያ ፎቶ አንሺዎች ማኅበርም በውድድሩ ለረጅም ጊዜ በ12 መመዘኛዎች ሲዳኝ ኖሯል፤ ቅንብር፣ ብርሃን፣ የቀለም ሚዛን፣ የትኩረት ማዕከል፣ ታሪክ ነገራ ከእነዚያ ውስጥ ናቸው። አንዳቸውም ምን አንሣ አይሉም። በዚያ አሠራር አንድ ዳኛ በተሰጠው ነጥብ ካልተስማማ ይሞግታል፣ ዳኞቹ ፊት ለፊት ተከራክረው እንደገና ነጥብ ይሰጣሉ። ለተማሪ ከነጥቡ ይልቅ ይህ ክርክር ይበልጥበታል፤ አንዱ ፎቶ በሁለት ዓይን ሁለት ሆኖ ሲታይ ይሰማልና። ሁለቱም ሳይመካከሩ አንድ ቦታ ላይ ከተሰናከሉ ደግሞ ፎቶው እዚያ ቦታ ላይ በእርግጥ እንቅፋት አለው።

አብዛኛው ውድድር ግን አስተያየት አይሰጥም፤ «አልተመረጠም» ብቻ ይላል። ከዚህ ዝምታ ትምህርት ልቅዳ የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ለ«የዓመቱ የዱር እንስሳት ፎቶ አንሺ» ውድድር 59,228 ፎቶዎች ቀርበው የተመረጡት 100 ናቸው። ከስድስት መቶ አንድ ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቁጥር መውደቅ ስለ ፎቶው የሚነግረን የለም ማለት ይቻላል፤ በዚያ ምክንያት አሠራሩን የሚለውጥ ሰው በጨለማ ይተኩሳል። ዝም ያለው ዳኛ በግልጽ የሚናገርበት ቦታ ግን አለ፤ እሱም ከውድድር የተሰረዙት ሥራዎች ምክንያት ነው። የዚሁ ውድድር እ.ኤ.አ. የ2009 አሸናፊ የነበረው የስፔናዊው ሆሴ ሉዊስ ሮድሪጌዝ የተኩላ ፎቶ፣ እንስሳው የሠለጠነ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ሽልማቱ ተነጥቋል። ወርልድ ፕሬስ ፎቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ከመጨረሻው በፊት ወዳለው ዙር ከደረሱት ፎቶዎች 20 በመቶ ያህሉን ሰርዟል፤ የምስሉን ይዘት ጨምረዋል ወይም አጥፍተዋል በሚል ነው፤ ጥላን እስኪጠፋ ማጥቆርም ከዚያው ይቆጠራል። የወንድ ጭላዳ የደረት ቅላት ላይ «ቀለሙ ተጋንኗል» የሚል ጥርጣሬ የደረሰው ሰው የሚያስፈልገውም ይኸው ነው፦ ቅላቱ እውነት ስለሆነ አይቀንሰው፤ ራው ፋይሉን ያስቀምጥ፣ በዙሪያውም ያለውን ጠጉርና ሣር በተፈጥሮ ቀለሙ ይተወው። ዓይን ቀዩን የሚያምነው አጠገቡ ያለውን ሲያምን ነው።

ከዚህ በላይ የሚቀረው የአነባበብ ጉዳይ ነው። ቅኔ ቤት ተማሪው ቀኑን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ በነጋታውም ተማሪው ሌላ ይዞ ይቀርባል። መምህሩ ግን ተማሪውን ያውቀዋል፤ የትናንቱን ስሕተት ያስታውሳል፣ የሚችለውንም ይገምታል። የፎቶ ዳኛ የሚያውቀው ክፈፉን ብቻ ነው። ስለዚህ መምህሩ የሚሠራውን ግማሽ ሥራ ፎቶ አንሺው ራሱ መሥራት አለበት፦ አስተያየቱን ካለፈው ዓመት አስተያየት ጋር ማስተያየት፣ የሚደጋገመውን ከአንድ ጊዜው መለየት፣ እርማቱንም ካሜራውን ይዞ ፎቶው የተነሣበት ቦታ ላይ ተመልሶ መሞከር። የተላከውን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ሲያድሱ መኖር አይጠቅምም፤ ያ ፎቶ አልቋል።

ይህ እንዲሆን ግን መጀመሪያ አስተያየት መኖር አለበት። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ወጣት ፎቶ አንሺዎች ሥራቸውን ይዘው ከባለሙያ ፊት የሚቀመጡበትን መድረክ ማዘጋጀቱ በአገራችን ይህ እንደሚቻል ያሳያል። ከመንዝ፣ ከጊሼና ከመርሐቤቴ ተነሥቶ ሥራውን በስልክ ለሚልክ ወጣት ግን አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ቀላል አይደለም። የፎቶ ውድድር የምታዘጋጁ ተቋማት ሁሉ፣ ከሽልማቱ ገንዘብ ቀንሳችሁም ቢሆን፣ መጨረሻው ዙር ደርሰው ለወደቁት ዳኞቹ ሁለት ሁለት መስመር እንዲጽፉላቸው አድርጉ። ዓይናቸው የት እንዳረፈና ምን እንዳጣ ይጻፍላቸው፤ ማስተካከያውን ለእነሱ ተዉላቸው።