ማርያም የሳመችው ምልክት፤ ስለ ጥበብና ስለ ትዕቢት የተጻፈ ሐተታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ።

በአገራችን ሕፃን በገላው ላይ ምልክት ይዞ ሲወለድ እናቶች «ማርያም ስማዋለች» ይላሉ እንጂ ነውር አይሉትም። አሜሪካዊው ደራሲ ናትናኤል ሆቶርን ግን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1843 ዓ.ም. ባወጣው «የልደት ምልክት» በተባለው አጭር ታሪኩ ይህንኑ የትዕቢት መፈተኛ አድርጎ ጻፈው።

ኤልመር የሚባል፥ የፍጥረትን ባሕርይ የሚመረምር ሊቅ፥ ጆርጂያና የተባለች መልከ መልካም ሴት አገባ። በግራ ጕንጯ ላይ የትንሽ እጅ ቅርጽ ያለው ቀይ ምልክት ነበረባት። አስቀድማ እንደ ጌጥ ታየው ነበር፤ ባልዋ ባየው ቍጥር ፊቱ ሲለወጥ ግን እርስዋም ጠላችው። በመጨረሻ የቀመመውን መድኃኒት ፈቅዳ ጠጣች፤ ምልክቱ ጠፋ፥ ነፍስዋም አብራ ወጣች።

ይህን አንብቦ «እንግዲህ ምርምር ኃጢአት ነው» የሚል ይስታል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ባለ መድኃኒቱንም መድኃኒቱንም ከእግዚአብሔር እንደ ተሰጡ ያስተምራልና። ጌታም በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ዕውር ሆኖ የተወለደውን በጭቃ ቀብቶ አበራለት። ልዩነቱ ወዴት ነው ቢሉ፥ ዕውሩ ብርሃን ጐድሎት ነበር፤ ለጆርጂያና ግን ከባልዋ ፍቅር በቀር የጐደላት አልነበረም። አንድም፥ የሐኪም ድካም ከታማሚው ሥቃይ ይነሣል፤ የኤልመር ድካም ግን ከራሱ ዐይን አለመርካት ተነሣ።

ደራሲው የሚመሰገንበት አለ። የኤልመር የሥራ መዝገብ ታላላቅ ሙከራዎቹ ካሰበው በታች እንደ ቀሩ ሲመሰክር፥ እርሱ ግን ከዚያ ትሕትናን አልተማረም። ሚስቴ ብትሆን ምልክቱን አላስወግድም ብሎ ያጕረመረመው ያልተማረው ሎሌው አሚናዳብ ነው፤ ከሊቁ ይልቅ እርሱ አስተዋለ።

የሚነቀፍበትም አለ። ታሪኩ ሲፈጸም ኤልመርን የሚወቅሰው በእጁ የነበረውን ደስታ ስለ ጣለ ነው፤ ይህ ግማሽ ፍርድ ነው። ናታን ዳዊትን የገሠጸው «ደስታህን አጣህ» ብሎ ሳይሆን ኦርዮንን ስለ ማጥፋቱ ነው፤ ዳዊትም በንስሐ ተመለሰ። ሆቶርን ግን ለኤልመር የንስሐ በር አልከፈተለትም።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ የቢስቲማ እናት የታመመ ልጅዋን ወደ ሐኪም ስትወስድ ካህን እንዲህ ያለውን ታሪክ ጠቅሶ አይከልክላት። በደሴ ሕክምና የሚማሩትን ልጆቻችንንም «ምን ያህል ታውቃላችሁ» ከማለት ይልቅ «ስለ ማን ትደክማላችሁ» ብለን እንጠይቃቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።