«የክት» ወይስ «መደበኛ»?፦ ስለ እራት ልብስ ስያሜዎች ትርጉም

ለግብዣ የሚለበሰውን ልብስ የሚመለከቱ ስያሜዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ የሚደርስባቸውን ጉዳት በዚህ ጽሑፍ እንመረምራለን። ለምርመራው መነሻ የሆነን፣ አንድ የሽርሽር መርከብ መንገደኞቹ ማታ ወደ ምግብ አዳራሹ ሲገቡ ምን መልበስ እንደሚገባቸው ለማስታወቅ ያዘጋጀው ወረቀት በአማርኛ ተተርጕሞ በእጃችን መግባቱ ነው። የመርከቡንም የተርጓሚውንም ስም ማንሣት አያስፈልገንም፤ ስሕተቱ የአንድ ሰው ብቻ አይደለምና። በግብዣ መጥሪያዎቻችን ላይም የሚመስለው አይታጣም።

ወረቀቱ ምሽቶቹን በሦስት ይከፍላል። የመጀመሪያው «መደበኛ ምሽት»፣ ሁለተኛው «ብልኅ ተራ ምሽት»፣ ሦስተኛው «ተራ ምሽት» ይባላል። በመጀመሪያው ምሽት ወንዶች «ጥቁር ማሰሪያ» አድርገው፣ ሴቶች «መደበኛ ቀሚስ» ለብሰው እንዲቀርቡ ያዝዛል። እንግሊዝኛውን የሚያውቅ አንባቢ ከአማርኛው ጀርባ ያለውን ቃል ገምቶ ይረዳው ይሆናል፤ ትርጉሙ የተዘጋጀው ግን እንግሊዝኛ ለማያውቀው ነው።

«መደበኛ» ከ«መደብ» የወጣ ቃል ነው፤ በሥርዓት የተመደበ፣ በየጊዜው የሚደረግ፣ ከተለመደው ያልወጣ ማለት ነው። «መደበኛ ስብሰባ» ስንል «አስቸኳይ» ወይም «ልዩ» ከሚባለው መለየታችን ነው። ተርጓሚው ቃሉን ያገኘው «መደበኛ ትምህርት» ከሚለው ስያሜ ይመስለናል። በዚያ ስፍራ ትክክል ነው፤ በክፍልና በደረጃ የተደራጀውን ትምህርት ከሌላው ይለያልና። ወደ ማዕድ ሲዛወር ግን ፍችው ይገለበጣል፤ «መደበኛ እራት» በየማታው የሚበላው እራት ነው። እንግሊዝኛው ከሁሉ ለከበረው ምሽት የሰጠውን ስያሜ፣ አማርኛው ከሁሉ ለተለመደው አድርጎታል። ከደብረ ብርሃን ተነሥተው ባሕር ማዶ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ የሄዱ አንዲት እናት፣ ልጆቻቸው በመርከብ ሽርሽር ቢጋብዟቸውና ይህን ወረቀት አንብበው በየቀኑ የሚለብሱትን ቀሚስ እንደ ለበሱ ወደ አዳራሹ ቢወርዱ፣ የታዘዙትን ፈጽመዋል። በበሩ ላይ የሚያፍሩት ግን እርሳቸው ናቸው፤ ተርጓሚው በዚያ የለም።

«ጥቁር ማሰሪያ» የሚለው ደግሞ ሦስት ጊዜ ይሳሳታል። አንደኛ፣ ማሰሪያው ምን እንደሚያስር አይታወቅም፤ የነዶም፣ የጫማም ማሰሪያ አለ። ሕዝቡ ከጣልያንኛ ተቀብሎ «ከረባት» ማለት ከጀመረ ዘመን አልፎታል፤ የለመደውን ቃል መንሣት ምን ጥቅም እንዳለው አይገባንም። ሁለተኛ፣ ስያሜው በእንግሊዝኛ የአንገት ጌጥ ስም ሆኖ አይቀርም፤ በከፊሉ መላውን መጥራት ነው። ጥቁሩን የእራት ኮት፣ ነጩን ሸሚዝ፣ የቢራቢሮ ቅርጽ ያለውን ከረባት ሁሉ በአንድነት ይይዛል። አሜሪካውያን ይህንኑ ኮት «ታክሲዶ» የሚሉት በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው በታክሲዶ ፓርክ ስም ሲሆን፣ ስሙም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ነው። እነርሱ በቦታ ስም የጠሩትን ሌሎቹ በከረባቱ ጠርተውታል፤ እኛ በማሰሪያ የምንጠራበት ግዴታ የለብንም።

ሦስተኛው ከሁለቱ ይከፋል። ጥቁር በእኛ ዘንድ የሐዘን ልብስ ቀለም ነው። በሰሜን ሸዋ «ጥቁር ለብሳለች» ከተባለ የሚከተለው ጥያቄ «ማን ሞተባት?» የሚል ነው። የመንዝ በርኖስም ጥቁር ነው የሚል ተቃዋሚ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የበርኖሱ ጥቁረት የበጉ ጠጕር ጥቁረት በመሆኑ፣ በርኖስ የደረበውን ሰው «ጥቁር ለበሰ» የሚለው የለም። ስለ ቀለሙና ስለ ሐረጉ ተለይቶ መታሰብ ያለበት ለዚህ ነው፤ ቀለሙን ዐይን ቢፈቅደው እንኳ ሐረጉን ጆሮ አይቀበለውም።

ስለ «ብልኅ ተራ» ብዙ መናገር አያሻም። ልብስ ብልኅ አይሆንም።

እንግዲህ በሰሜን ሸዋ ቤተ ሰብ ለሠርግ ወይም ለማኅበር ሲነሣ የሚጠያየቀውን ልብ ብሎ ያዳመጠ ሰው፣ የጐደለውን ቃል ለመፍጠር አይደክምም። ጥያቄው «የክቴን ልልበስ ወይስ የዘወትሬን?» የሚል ነው። «ክት» «ከተተ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ ተጣጥፎ በሣጥን የተቀመጠውን፣ ለክብር ቀን ብቻ የሚወጣውን ልብስ ያመለክታል። «ዘወትር» ተቃራኒው ነው። (ከዚሁ ግሥ «ክተት» የሚለው የዘመቻ ዐዋጅም ወጥቷል፤ አንዱ ልብስን ሌላው ሠራዊትን ይሰበስባል፤ በአንቀጽ ሲደረደሩ እንዳይቀላቀሉ መጠንቀቅ ያሻል።) የሁለቱ ቃላት ጥንድነት ለስያሜ ሥራ ትልቅ ዋጋ አለው። አንደኛው ሲነገር ሌላው ይታወሳል፤ ሁለቱም የልብሱን ዓይነት ሳይወስኑ የቀኑን ክብር ይናገራሉ። የአንዱ ክት የሱፍ ሙሉ ልብስ፣ የሌላዋ ክት ጥለት ያለው ቀሚስ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛው ቃልም በእውነቱ የሚሠራው እንዲሁ ነው። እንደዚህ ያለ ቃል በየቤቱ ሲነገር እየኖረ «መደበኛ»ን የመረጥነው፣ የቤት ቃል ለወረቀት አይበቃም የሚል ያልተመረመረ አሳብ ስላለብን ይመስለናል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በታላቅ ማዕድ ፊት ሰው እንዴት ለብሶ ይቅረብ የሚለውን ጕዳይ አማርኛ ለብዙ ዘመን ሲያስብበት ኖሯል፤ ለዚህም አንኮበርን የመሰለ ምስክር በቅርብ አይገኝም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን ሲገዙ፣ በአንኮበር፣ በአንጎለላና በደብረ ብርሃን እየተዘዋወሩ ይቀመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ወደ ንጉሡ ሲመጣ፣ ሁለት የአለባበስ ሥርዓቶች በአንድ አዳራሽ ተገናኙ፤ አንደኛው በደንብ ልብስ ስፌት፣ ሁለተኛው በሸማ አጣጣል ማዕረግን የሚናገር። በዚያው ዓመት፣ ከሁለት ዓመት በፊት በሸዋ ተቀምጦ የነበረው ኢዘንበርግ ያዘጋጀው የአማርኛ መዝገበ ቃላት በለንደን ታተመ። የቃሉም የማዕዱም ታሪክ በአንድ ስፍራና በአንድ ጊዜ መገጣጠሙ የሚያስደስት አጋጣሚ ነው።

ንጉሡ ግብር ሲያገቡ አጋፋሪው እንግዳውን ያስገባል፣ አሳላፊው ያሳልፋል። ልብሱን በሚመለከት ግን የሥርዓቱ ፍሬ ነገር ያለው በስሞቹ ሳይሆን በግሦቹ ላይ ነው። በእርግጥ ካባ፣ ለምድ፣ ጃኖ፣ እጀ ጠባብ የሚባሉ ስሞች አሉ፤ እነዚህን የሚያለብሰው ጌታው በመሆኑ «አለበሰ» እና «ሸለመ» የሹመት ቃላት ሆነዋል። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የነበረው አንድ ሸማ ነው፤ በዚያ በአንድ ሸማ የተናገረውን ለማየት ግሦቹን መመልከት ይበቃል። «አደገደገ» ቢሉ ሸማውን ወገቡ ላይ አሸንፍጦ ለአገልግሎት መቆሙ ነው። «አጣፋ» ቢሉ ጫፉን በትከሻው ላይ መልሶ ማጣሉ ነው። «ተከናነበ» ቢሉ ራሱን መሸፈኑ ነው፤ ይህም ለታመመ፣ ላዘነ ወይም ለበረደው ይሆናል። «ተጐናጸፈ» ክብርን ያሰማል። «ዘቅዝቆ ለበሰ» ከተባለ፣ ጥለቱ ከታች ወደ ላይ ዞሯልና ለቅሶ አለ። በታላቅ ሰው ፊት ሸማን ከትከሻ ማውረድ አክብሮት፣ እስከ አፍንጫ መሸፈን ደግሞ የበላይነት ምልክት ነበር። ጨርቁ አንድ ነው፤ የተለወጠው እጅ ብቻ ነው።

መዝገበ ቃላት አዘጋጆችን የምንወቅሰው እዚህ ላይ ነው። ስሞቹ በጥንቃቄ ሲፈቱ፣ ግሦቹ ብዙ ጊዜ በተመሳሳይ ቃል ብቻ ይታለፋሉ። «አደገደገ»ን «ታጠቀ» ብሎ የፈታ ሰው የእጁን ሥራ ነገረን እንጂ ቃሉን አልነገረንም። ገበሬ ለአጨዳ ይታጠቃል፤ አያደገድግም። የሚያደገድገው በሰው ፊት፣ ለሰው ብሎ ነው። «በማን ፊት? በምን ጊዜ?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች በፍችው ውስጥ ካልገቡ፣ ተርጓሚው ቃሉን ቢያገኘውም አይጠቀምበትም።

እነዚህ ቃላት የጌታና የሎሌ ዘመን ቃላት ናቸውና ከዘመኑ ጋር ይቅሩ የሚሉ አሉ። ክርክሩ መልካም ነው፤ እኛም መንገደኛው አደግድጎ ወደ እራት ይውረድ አንልም። የዘውዱ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. ሲያከትም፣ ለምድና ጃኖ የሥልጣን መለያነታቸው አብሮ ቀርቷል። ይሁን እንጂ «ክት» የማንም ጌታ ቃል አልነበረም፤ ክት የሌለው ድኻ እንኳ «ክት የለኝም» ብሎ ይናገርበታል። ግሦቹም ቢሆኑ አልሞቱም። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ያህል ከፍ በምትለው በደብረ ብርሃን ማታ ጋቢ ተከናንቦ ወደ ጎረቤት ቤት የገባ ሰው፣ ሽማግሌ ሲያይ ጋቢውን ከራሱ ላይ ያወርዳል። ማንም ወረቀት አላዘዘውም።

የወረቀቱ መጨረሻ ገጽ ስለ ክልከላ ይናገራል፤ በዋና ልብስና በ«ነጠላ» ወደ አዳራሹ መግባት የተከለከለ ነው ይላል። ተርጓሚው ነጠላ ጫማን አሳጥሮ መጻፉ ነበር። ባንድ ቃል መጕደል የአገራችን ሴቶች ለክብር የሚለብሱት ነጠላ ከዋና ልብስ ጋር ተቈጥሮ ተከለከለ! ያች ከደብረ ብርሃን የሄዱት እናት እስከዚህ ገጽ ከደረሱ፣ እራታቸውን በክፍላቸው ቢበሉ አይፈረድባቸውም።

ስለዚህ ወረቀቱ እንደሚከተለው ቢታረም እንመክራለን። የመጀመሪያው ምሽት «የክት ልብስ ምሽት» ይባል፤ ወንዶች ጥቁር የእራት ኮት ከነቢራቢሮ ከረባቱ ወይም ሙሉ ልብስ ከከረባት ጋር፣ ሴቶች የክት ቀሚስ ይልበሱ፤ የመርከቡ ደንብ የሚፈቅድ ከሆነም «የአገር ባህል የክት ልብስ» የሚለው በግልጽ ይጨመርበት። ሦስተኛው «የዘወትር ልብስ ምሽት» ይሁን። ክልከላው «የዋና ልብስና ነጠላ ጫማ» ተብሎ ሳይቈረጥ ይጻፍ። ለመካከለኛው ምሽት እስካሁን ያገኘነው «ጸዳ ያለ የዘወትር ልብስ» የሚለውን ነው። ይህ ማብራሪያ እንጂ ስያሜ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ከክት በታች ከዘወትር በላይ ላለው ልብስ በአካባቢው የሚነገር ቃል የሚያውቅ አንባቢ፣ ቃሉን ከሚነገርበት ወረዳና ከአንድ የአነጋገር ምሳሌ ጋር ቢልክልን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።