«ማይ ሌፍት ፉት»፦ ከጀግናው ጀርባ የቀሩ ልጆች

አየርላንዳዊው ደራሲና ሠዓሊ ክሪስቲ ብራውን የሕይወት ታሪኩን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1954 ነበር። ጂም ሸሪዳን በ1989 ወደ ፊልም ለወጠው፤ ዳንኤል ዴይ ልዊስና ብሬንዳ ፍሪከርም በትወናቸው የኦስካር ሽልማት ተቀበሉ። ስለ ሴሬብራል ፓልሲ በተነሣ ቁጥር ዛሬም በምሳሌነት ቶሎ የሚጠቀሰው ይኸው ፊልም ነው። ስለሆነም የሚያስተምረንን ብቻ ሳይሆን የሚያስቀረውንም መመርመር ይገባናል።

የፊልሙ ብርታት ተመልካቹን ከልጁ ጎን ማስቀመጡ ነው። ጎረቤቶች በክሪስቲ ፊት ስለ ክሪስቲ እንደ ግዑዝ ዕቃ ያወራሉ፤ እርሱ ሁሉንም ይሰማል። እናቱ ከደረጃ ስትወድቅ በሩን በእግሩ እየደበደበ ሰው የሚጠራው እርሱ ነው፤ የደረሱት ሰዎች ግን ማን እንደ ጠራቸው እንኳ አይገባቸውም። ሴሬብራል ፓልሲ በማደግ ላይ ያለ አንጎል ከወሊድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በጨቅላነት ሲጎዳ የሚከተል የእንቅስቃሴ መታወክ ነው። አይተላለፍም፤ የአንጎሉ ጉዳትም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፋ አይሄድም። ከንፈርና ምላስ እንደ እጅ ሁሉ አልታዘዝ ሊሉ ስለሚችሉ፣ የንግግር መጥፋት የማሰብ መጥፋት ምስክር አይደለም። ይህን እውነት ፊልሙ ያለ ስብከት ያሳያል።

ድክመቱ ከጠመኔው ትዕይንት ይጀምራል። በመጽሐፉ የአምስት ዓመቱ ልጅ በግራ እግሩ ጠመኔ ነጥቆ፣ በእናቱ አበረታችነት አንዲት ፊደል ብቻ ይጽፋል፤ «እናት» የሚለውን ቃል የሚጽፈው ከብዙ ልፋት በኋላ ነው። በፊልሙ ግን ቃሉ ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ወለሉ ላይ ይወጣል፤ አባትየውም ልጁን ተሸክሞ ወደ መጠጥ ቤት ይሄዳል። ትዕይንቱ እንባ ያመጣል፤ በመካከሉ የነበረው የዕለት ተዕለት ትምህርት ግን ተውጦ ይቀራል። እንዲህ ዓይነት ልጅ ያላት እናት የሚያስፈልጋት ያ የተዋጠው ክፍል ነው። ፊልሙ የፈጠራት ሐኪም አይሊን ኮልም እንዲሁ ናት፤ አሰልቺው የሕክምና ልምምድ በእርሷ በኩል ወደ ፍቅር ታሪክ ይዞራል።

ከዚህ የሚከብደው የጀግናው መለኪያ ነው። ክሪስቲ የተከበረው ሥዕልና ጽሑፍ ስለተገኘበት ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ የአእምሮ ዕድገት ውሱንነትም አለባቸው፤ ብዙዎቹ መጽሐፍ አይጽፉም። ክብር የሚገኘው በተሰጥኦ ከሆነ እነርሱ በየጓዳው ሊቀሩ ነው።

ጉዳዩ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይበልጥ ይጠራል። «ሽባ» ስንል ልጁን በአካሉ እንጠቀልለዋለን፤ «ዘገምተኛ» ስንል ሳንመረምር በአእምሮው ላይ እንፈርዳለን፤ «እርግማን» ስንል ደግሞ እናቱን እንከስሳለን። ተርጓሚ ከእነዚህ አንዱን ከሚመርጥ ባዕዱን ስም እንዳለ ቢወስድ ይሻላል፦ «ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ»። በቋንቋችን ሥርዓት መጨረሻ ላይ የሚቀረው ቃል «ልጅ» ነው።

ፊልሙን ማየት ተገቢ ነው። ያየ ሰው ግን ልጁ ምን ተሰጥኦ ደብቆ ይሆን ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ በዓይኑ፣ በፈገግታው ወይም በእግሩ ምን እያለን ነው ብሎ ቢጠይቅ ይበልጥ ይጠቅመዋል።