አሞክሳሲሊን ከመስጠቴ በፊት

ከፋርማሲ መስኮት በብዛት ከሚወጡት መድኃኒቶች አንዱ አሞክሳሲሊን ነው። ስሙን ሳይጠራ በካፕሱሉ ቀለም የሚጠይቅ ሰው አለ። ይህ መላመድ በመስኮቱ ወዲህም ወዲያም ያለነውን ያስቸኩለናል፤ ታማሚው «አውቀዋለሁ» ይላል፣ ባለሙያው «በየ8 ሰዓቱ» ብሎ ከረጢቱ ላይ ይጽፋል፣ ተረኛው ይጠራል። እኔ ግን ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይኸው የለመድነው መድኃኒት ነው ባይ ነኝ። አሞክሳሲሊን ከፔኒሲሊኖች ወገን ነው፤ ፔኒሲሊኖች ደግሞ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ሳይቀር የሚታዘዙ ደህና መድኃኒቶች ናቸው። ጥቂት ሰዎችን ግን በደቂቃዎች ውስጥ ለሞት ሊያደርሱ ይችላሉ፤ እነዚያን ጥቂቶች ቀድሜ የማውቅበት መንገድ ደግሞ መጠየቅ ነው።

«አለርጂ አለብዎት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የቸኮለ ሰው «የለብኝም» ይላል፤ ሌላው አቧራ ሲነካው የሚያስነጥሰውን አስቦ «አለብኝ» ይላል። ስለዚህ የሆነውን ነገር ነው የምጠይቀው፦ «መርፌ ተወግተው ወይም እንክብል ውጠው ሰውነትዎ ያበጠበት፣ ያሳከከዎት፣ ትንፋሽ ያጠረዎት ጊዜ ነበር?» አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ሲሉኝ «አባባ፣ ሲወስዱት ምን ሆኑ? ምን ያህል ቆይቶ?» እላለሁ። «ጨጓራዬን አቃጠለኝ፣ አስቀመጠኝ» ካሉኝ ያ የታወቀ የጎንዮሽ ችግር እንጂ አለርጂ አይደለም። «ከንፈሬ አበጠ፣ ደረቴ ታፈነ፣ ራሴን ሳትሁ» ካሉ፣ ያውም በወሰዱት በ1 ሰዓት ውስጥ ከሆነ፣ አንዲት ፍሬ አልሰጥም፤ ማዘዣውን ለጻፈው ሐኪም እደውላለሁ።

አስቸጋሪው በመካከል ያለው ነው። ሕፃን ሳለ ሽፍታ ወጥቶበት «ፔኒሲሊን እንዳትወስድ» የተባለ ሰው ብዙ ነው። ሽፍታውን ያወጣው ግን ያኔ የታመመበት ቫይረስ ራሱ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ከ10 ሰው 1 ያህሉ የፔኒሲሊን አለርጂ እንዳለበት ይናገራል፤ በወጉ ሲመረመሩ ከእነዚህ 10ሩ 9ኙ ገደማ መድኃኒቱን ያለ ችግር የሚወስዱ ሆነው ይገኛሉ። ሳይጣራ የቀረ ታሪክ ሰውየውን ዕድሜ ልኩን ወደ ሌላ መድኃኒት ይገፋዋል፤ ያም ብዙ ጊዜ ዋጋው የከበደ ወይም ለሕመሙ ያነሰ ነው። ቢሆንም መስኮት ላይ ቆሜ «አይዞህ፣ አለርጂ የለብህም» አልልም። የሰማሁትን ጽፌ ወደ ሐኪሙ እመልሰዋለሁ።

አለርጂው እውነት የሆነበት ሰው ግን የመድኃኒቱን ዘመዶች ማወቅ አለበት። አምፒሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን፣ የልብ ታማሚዎች በየወሩ የሚወጉት ቤንዛቲን፣ ሁሉም ፔኒሲሊኖች ናቸው። ኦግመንቲን በስሙ አያስታውቅም፤ ውስጡ ግን አሞክሳሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር ነው። ይህን በወረቀት ጽፌ ከመታወቂያው ጋር እንዲይዘው እሰጠዋለሁ። ከአለርጂ ሌላ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ የልብ ታማሚ ሲመጣም የደም መርጋት ምርመራው ቀረብ ብሎ እንዲታይ ሐኪሙን አስታውሳለሁ፤ ፔኒሲሊኖች የዋርፋሪንን ኃይል ሊጨምሩ ይችላሉ።

«በየ8 ሰዓቱ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ለብዙ ሰው ምንም አይነግርም። ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ብዬ ስጽፍለት ግን ያዘው ማለት ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው፣ በረመዳን ቀኑን ሙሉ የሚጾም ሰው ይህን እንዴት ያደርገዋል? ሳልጠይቀው ካለፍሁ ቀን 8 ሰዓት ላይ የሚወሰደውን ይዘለዋል፤ ሲዘለውም አይነግረኝም። አሞክሳሲሊን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል፤ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲሆን ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክልበት ሕመምም ብዙ ነው። ክሎክሳሲሊን ግን ባዶ ሆድ ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የሕፃናት ሽሮፑ ነው። ጠርሙሱ ሲሸጥ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ነው፣ ውሃ የምትጨምረው እናት ናት። ከቻልሁ እዚያው እበጠብጥላታለሁ። ካልሆነ አሳያታለሁ፦ መጀመሪያ ዱቄቱ ከጠርሙሱ ሥር እንዲላቀቅ መነቅነቅ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ ግማሽ ጨምሮ መበጥበጥ፣ ከዚያ እስከ መስመሩ መሙላት። አረፋው ሳይተኛ መስመሩን ያየ ሰው ውሃ ያሳንሳል፣ መድኃኒቱም ይወፍራል። ከመስጠት በፊት ሁልጊዜ መነቅነቅ ያስፈልጋል፤ ካልተነቀነቀ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጭን፣ የመጨረሻዎቹ ወፍራም ይሆናሉ። በ5 ሚሊ ሊትር 125 ሚሊ ግራም ያለውም 250 ያለውም ሽሮፕ አለ፤ ያለፈውን ጊዜ አስታውሳ «አንድ ማንኪያ» የምትሰጥ እናት ሳታውቀው እጥፉን ወይም ግማሹን ልትሰጥ ትችላለች። የቤት ማንኪያም አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ሰጥቼ መጠኑ ላይ በእስክሪብቶ አሰምርላታለሁ። ከተበጠበጠ በኋላ እንደ ፋብሪካው 7 ወይም 14 ቀን ነው የሚቆየው፤ የሚደፋበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ እጽፋለሁ። ለሚቀጥለው ሳል ተብሎ የሚቀመጥ ሽሮፕ የለም።

ለጉንፋን አሞክሳሲሊን አይሠራም፤ ጉንፋን የቫይረስ ነውና። ካፕሱሉን ከፍቶ ቁስል ላይ መነስነስም ቁስሉን አያድንም።

ስለ ቀኑ ብዛት ብዙ እከራከራለሁ። ገንዘብ አጥሮት «ግማሹን ስጠኝ» የሚል ሰው አለ፤ ልጇ በሦስተኛው ቀን መሯሯጥ ስትጀምር የምታቆም እናትም አለች። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 በኖቤል ንግግሩ፣ በማይበቃ መጠን የሚወሰድ ፔኒሲሊን ባክቴሪያውን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ሁሉም ሕመም ረጅም ሕክምና እንደማይፈልግ ነው፤ ለሕፃናት የሳንባ ምች 5 ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ያመጣው ቶንሲል ግን በአሞክሳሲሊን ሲታከም 10 ቀን ነው፤ በሚገባ ካልታከመ ውሎ አድሮ የልብን ቫልቮች ሊጎዳ ይችላል፣ ይህም በአገራችን ልጆች ላይ በብዛት የሚታይ ነው። እናትየዋ የ10 ቀኑን መግዛት ካልቻለች ለሐኪሙ ደውዬ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጠውን የቤንዛቲን መርፌ አነሣለሁ፤ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከመላኬ በፊት የልጅቱን የአለርጂ ታሪክ እንደገና እጠይቃለሁ፤ መርፌው የሚሰጥበት ቦታ ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን መኖሩንም አጣራለሁ፤ እናትየዋንም ልጅቱ ከተወጋች በኋላ ግማሽ ሰዓት እዚያው ይዛት እንድትቆይ አደራ እላታለሁ።