እጄ ሄደ

ከፍፁም ቅጣት ምት ነጥብ እስከ ጎሉ መስመር 11 ሜትር ነው። በደንብ የተመታ ኳስ ያንን ለመጨረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። በረኛው ኳሱ ሲነሣ አይቼ፣ አስቤ፣ ከዚያ ልዝለል ካለ ኳሱን የሚያገኘው መረብ ውስጥ ነው። ሶዶ ላይ ታዳጊ በረኞችን ሳሠለጥን የምለፋው ዓይናቸው ኳሱ ላይ ብቻ እንዳይተከል ነው። መቺው የሚቆምበት እግር ጣቱ ወዴት ዞረ? ዳሌው መቼ ተከፈተ? ይህን ደጋግሞ ያየ ልጅ ውሎ አድሮ ማየቱን ራሱ ይረሳዋል፤ ደመነፍስ የምንለውም ይኸው ነው።

አንዱን ልጅ ከባድ ኳስ ካዳነ በኋላ እንዴት እንዳወቀ ጠየቅሁት። «ኮች፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ እጄ ሄደ» አለኝ። ከሰማኋቸው መልሶች ሐቀኛው ይህ ነው። ብዙዎቹ ያማረ ምክንያት ያመጣሉ፤ ምክንያቱ ግን ከኋላ የተሰፋ ነው። ልጁ አንዴ ከተናገረው በሚቀጥለው ልምምድ ያንኑ ምልክት ይጠብቃል፣ ሲጠብቅም ይዘገያል። ስለዚህ አሁን ወዲያው አልጠይቅም፤ ኳሱን ለሌላ መቺ አቀብላለሁ።

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የሶዶው ክለብ ወላይታ ድቻ የግብፁን ዛማሌክ ካይሮ ላይ በመለያ ምት ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያስወጣ «ዕድል ነው» ያለ ብዙ ነበር። ዕድል የለበትም አልልም፤ ግን ዕድል ብቻውን አይዘልም።

በሌላ በኩል ደመነፍስ የመሰለ ሁሉ ደመነፍስ አይደለም። የእስራኤል ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 286 የፍፁም ቅጣት ምቶችን መርምረው ነበር። ከኳሶቹ 28.7 በመቶው ወደ መሐል ተመትተዋል፤ በረኞቹ ግን መሐል የቆሙት 6.3 በመቶ ብቻ ነው። ዘሎ የሳተን ማንም አይወቅስም፣ ቆሞ የተቆጠረበት ግን ያፍራል። ተመልካቹ በሞላ ቁጥር እጅን የሚወስደው ዓይን ይሁን ይሉኝታ መለየት ያስቸግራል። እኔ የምለየው በጊዜው ነው፤ የመቺው እግር ሳያርፍ የሄደ በረኛ የሄደው በይሉኝታ ነው።

ደመነፍስ አገርም አለው። ሶዶ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አርባ ምንጭ ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ። እዚያ አየሩ ስለሚከብድ ረጅም ኳስ ቶሎ ይደክማል፣ የተጠማዘዘውም ይበልጥ ይጠመዘዛል። ሶዶ ላይ፣ ዳሞታ ተራራ ሥር ያደገ በረኛ አርባ ምንጭ ሲጫወት ለተሻጋሪ ኳስ ዘሎ መውረድ ሲጀምር ኳሱ ገና እየመጣ ነው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሰውነቱ የሶዶን ኳስ ነው የሚያውቀው። ስለ አየር ክብደት ንግግር አላደርግለትም። ከጨዋታው በፊት ከሁለቱም ክንፍ ተሻጋሪ ኳስ ብቻ አስመታለታለሁ። የመጀመሪያዎቹን ይስታቸዋል፤ ከዚያ ማንም ሳይነግረው እግሩ ራሱ መዘግየት ይጀምራል።