ስለ ጽሕፈት ቤት ሰው ሥልጠና

የጽሕፈት ቤት ሥራ ትምህርት የሚሻ መሆኑን መንግሥት ካወቀው ቆይቷል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሕዝብ አስተዳደር ተቋም በአዲስ አበባ ቆሞ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከፈተ፥ እርሱም በኋላ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። እንግዲህ በ1999 ዓ.ም. የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም፥ ከመንዝ፥ ከግሼና ከመርሐቤቴ ለሚወጣው ልጅ አስተማሪ ብቻ ሳይሆን ደኅና መዝገብ ያዥም እንደሚያስፈልገው የታወቀ ነገር ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለአስተዳደር ሠራተኛ የሚሰጠውን ሥልጠና ተመልከት። አርእስቱ ብዙ ጊዜ አመራር፥ የአመለካከት ለውጥ፥ መልካም አስተዳደር፥ ካይዘን ነው። ጥቂት ቀን በአዳራሽ ይቀመጣሉ፤ አበል ይከፈላል፤ የምስክር ወረቀት ይታደላል። አርእስቱን አልነቅፍም። የምነቅፈው፥ ሠራተኛው ሰኞ ጧት ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ለእጁ ሥራ የሚሆን ነገር ይዞ አለመመለሱን ነው።

የእኛ ዓመት ከአውሮፓው፥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ በ7፥ ከዚያ ወዲያ በ8 ያንሳል። ይህን ያልተማረ ጸሓፊ የተማሪውን ልደት በአንድ ዓመት ያዛባዋል። ስምም እንዲሁ ነው፤ «ጸጋዬ» በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንዱ በ«ቲ»ና በ«ኤስ» ይጀምረዋል፥ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ። ከመሐል ሜዳ የመጣች የጸጋዬ ልጅ፥ የ12ኛ ክፍል ወረቀቷና የዲግሪዋ ወረቀት ሁለት ሰው ያስመስሏታል። ስሕተቱ የሚገለጠው ሥራ ስትፈልግ ነው፤ ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን መመላለሱ የእርሷ ዕዳ እንጂ የጸሓፊው አይደለም።

ይህን ለማስተማር አዳራሽ አያሻም። የቆየው መዝገብ ያዥ ከአዲሱ አጠገብ ተቀምጦ፥ የተበላሸውን ቅጽ ገልጦ፥ «እዚህ ላይ ነው» ቢለው ይበቃል። የመንዝ ባና ሸማኔም ልጁን የሚያስተምረው በእጁ ላይ ነው እንጂ ስለ ሽመና ጥቅም ንግግር በማድረግ አይደለም። (ንግግር የሚወድ ሸማኔ መኖሩን ግን አልክድም።)

ደግሞስ ለሥልጠና የሚመረጠው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ አለቃው ነው። የማደሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ፥ መጽሐፍ አዳዩ፥ ዘበኛው ይቀራሉ። ነገር ግን ከቆላ አገር ተመድቦ፥ አማርኛውን እንኳ በውል ሳያውቅ፥ በደብረ ብርሃን ብርድ ሌሊት የሚደርስ ተማሪ መጀመሪያ የሚያገኘው ዘበኛውን ነው። ያ ዘበኛ እንግዳውን በምን ቃል እንዲቀበል፥ የታመመውንስ ወዴት እንዲልክ ማን አስተማረው?