ሙያ ያለው መዳፍ

ጎበዝ አዋላጅ ነርስ ከእናትየዋ ሆድ በፊት የምታዘጋጀው የገዛ እጇን ነው። ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ፣ ጠዋት ብርድ ነው፤ ቀዝቃዛ መዳፍ ያረፈበት ሆድ ይኮማተርና ውስጡን ይደብቃል። ስለዚህ ሲስተሯ መዳፏን አፋትጋ ታሞቃለች። ለተግባር ልምምድ የመጣችው ተማሪም ከጎኗ ቆማ እንዲሁ ታደርጋለች።

ጀርመናዊው ሐኪም ሊዮፖልድ ያወጣቸውን አራቱን የአዳሰስ ደረጃዎች ተማሪዋ በቃሏ ታውቃቸዋለች። ከላይ በኩል ያለው ለስለስ፣ ሰፋ ያለ ከሆነ መቀመጫው ነው፤ ጠንካራና ክብ ከሆነ ጭንቅላቱ። በጎን ዝርግ ሆኖ የሚወርደው ጀርባው፣ ጎርበጥ ጎርበጥ የሚለው እጅና እግሩ። ለእኔ የሙያው ውበት ያለው ግን ምጥ ሲመጣ ነው። የሲስተሯ እጅ ባለበት ይቆማል፤ አይነሳም፣ አይጫንም። «አይዞሽ እህቴ፣ ተንፍሺ» ትላለች፤ ሆዱ ሲላላ ካቆመችበት ትቀጥላለች። የተማሪዋ ጥፍር ከነጣ እየተጫነች ነው። ያኔ ሲስተሯ መዳፏን ከላይ ደርባ ጫናውን ቀለል ታደርግላታለች።

እጅን በእጅ ላይ ደርቦ ማስተማር በአገራችን ትልቅ ታሪክ አለው። ማሚቱ ጋሼ የተጓተተ ምጥ በሚያስከትለው ፌስቱላ ተጎድታ ለሕክምና አዲስ አበባ ስትመጣ ፊደል አልቆጠረችም። ከዶክተር ሬጂናልድና ከዶክተር ካትሪን ሃምሊን ጎን ቆማ እያየች፣ እጇን በእጃቸው እየተመራች ቀዶ ሕክምናውን ተማረች። በ1989 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ከሃምሊኖቹ ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸልሟታል።

ሲስተሯ የፅንስ ልብ ማዳመጫውን ፌቶስኮፕ ሆዱ ላይ ስታሳርፍ ደግሞ ልብ በሉ። አንዴ ካደላደለችው እጇን ትለቀዋለች፤ የሚይዘው ጆሮዋ ብቻ ነው። ነፃ የወጣው እጅ የእናትየዋን አንጓ ይዞ የደም ሥሯን ይከታተላል። ሁለቱ ምቶች እኩል ከሄዱ የሰማችው የእናትየዋን ነው፣ ቦታ ትቀይራለች። የጤነኛ ፅንስ ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይመታል።

ከስማዳና ከእስቴ ቆላ በቃሬዛ ለምትመጣ ወላድ መንገዱ ራሱ ከምጡ ሰዓት ይበላል። «መቼ ጀመረሽ?» ስትባል «ትናንት ከብት ሲገባ» ትላለች። ሲስተሯ ይህን ወደ ሰዓት መንዝራ ትመዘግባለች፤ የተጓተተ ምጥ ፅንሱን ሊገድል፣ እናትየዋን ለፌስቱላ ሊዳርግ ይችላል። ባሕር ዳር ያለው የሃምሊን ማዕከል ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠግነው ይህንኑ ጉዳት ነው። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ በምጥ መከታተያው ቅጽ በፓርቶግራፍ ላይ የምትሰፍረዋ ነጥብ ደግሞ ጉዳቱን አስቀድማ ለመከላከል ናት፤ ስትዘገይ ዋጋ የላትም።

ከዚያ የፅንሱ ጭንቅላት ምን ያህል እንደወረደ በጣት ይለካል፤ ከዳሌ አጥንቱ በላይ የቀረው ስንት ጣት ያስገባል?

«ሁለት መሰለኝ፣ ሲስተር።»

«መሰለኝ አይጻፍም። ምጡ ይለፍና ደግመሽ ያዥው።»

ተማሪዋ ጠብቃ ደግማ ዳሰሰች። ሁለት ነው። ሲስተሯም ራሷ ካረጋገጠች በኋላ እስክሪብቶውን ሰጠቻት።